በውቅያኖስ ጥልቀት ግፊት ውስጥ ብቻ የሚራባው ባክቴሪያ

በምዕራባዊው የፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኘው የማሪያና ሸለቆ በምድራችን ካሉት የባሕር ሥፍራዎች ሁሉ ጥልቁ ነው። "ቻሌንጀር ዲፕ" በተሰኘው የሸለቆው ክፍል ጥልቀቱ ወደ 11 ሺህ ሜትር ይጠጋል። የፀሐይ ብርሃን ከዚያ አይደርስም፤ ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ግፊቱም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት እንደሚያርፍ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1996 "ካይኮ" የተሰኘችው ሰው አልባ የጃፓን ጠላቂ መሣሪያ ከ10 ሺህ 898 ሜትር ጥልቀት ጭቃ ይዛ ወጣች። ተመራማሪዎችም ናሙናውን የጥልቁን ባሕር ግፊት በሚተካ ዕቃ ውስጥ አኑረው በጭቃው የነበሩትን ባክቴሪያዎች አራቡ። ከእነዚህ አንዱ "ሞሪቴላ ያያኖሲ" ተብሎ ተሰየመ። ስያሜው በጥልቅ ባሕር ባክቴሪያዎች ጥናት ከታወቁት ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ከሪቻርድ ሞሪታና ከአሪስቲደስ ያያኖስ ስም የተወሰደ ነው።

ባክቴሪያው በተሻለ ሁኔታ የሚራባው ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት 800 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት ሲሆን፣ ግፊቱ ከ500 ጊዜ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቆማል። በሰው አንጀት የሚኖረው ኢ ኮላይ ባክቴሪያ በአንጻሩ መራባት የሚያቅተው ግፊቱ ወደዚሁ መጠን ሲደርስ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ጠንካራ ቅርፊት ነው ብሎ መገመት ይቀናል። ይሁንና በሕዋሱ ውስጥም ሆነ በውጭው ያለው ግፊት እኩል በመሆኑ ባክቴሪያው በመጨፍለቅ አይሠጋም። ዋናው ችግር ሌላ ነው። ብርድ ቅቤን እንደሚያረጋ ሁሉ፣ ከፍተኛ ግፊትም የሕዋሱን ስስ የስብ ሽፋን ያጠጥረዋል። ሽፋኑ ከጠጠረ ደግሞ ምግብ ለማስገባትና ዝቃጭ ለማስወጣት ይሳነዋል። ቅቤ በረጋበት ብርድ የኑግ ዘይት ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። የሞሪቴላ ያያኖሲ ሽፋንም በብዛት የተሠራው ከዚሁ የዘይት ዓይነት ስብ ሲሆን፣ በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ዲ ኤች ኤ አንዱ ነው።

በሸለቆው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሥራ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ በቻሌንጀር ዲፕ ደለል ውስጥ ያለው የኦክስጅን ፍጆታ በአቅራቢያው በ6 ሺህ ሜትር ጥልቀት ከሚገኘው ወለል በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከላይ የሚሰምጠው የሕያዋን ቅሪት ከዳገቶቹ እየተንሸራተተ በሸለቆው ስለሚጠራቀም ባክቴሪያዎቹ የሚያብላሉት አያጡም። ካርቦን በባሕር ወለል ተቀብሮ በሚቀርበት ሂደትም ድርሻ አላቸው።

ከምግቡ ጋር ግን የሰው ልጅ ብክለትም ይወርዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1979 ማምረታቸው የታገደው ፒ ሲ ቢ የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች፣ እ.ኤ.አ በ2017 በወጣ ጥናት መሠረት በማሪያና ሸለቆ በሚኖሩ ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ እንስሳት አካል ውስጥ ተገኝተዋል።