እናት የሞተችባቸው የሌሊት ወፎች

የሌሊት ወፍ ስትነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ስሟ ወፍ ይሁን እንጂ ወፍ አይደለችም፤ ትወልዳለች፣ ታጠባለችም። በሰሜናዊ ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ለእርሷ ተብሎ የቆመ ሆስፒታል መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? የቶልጋ የሌሊት ወፍ ሆስፒታል ይባላል።

በዚያ አገር ያለው አንዱ ፍራፍሬ በል ዝርያ በዓይኑ ዙሪያ ገርጣ ያለ ጸጉር ስላለው «ባለ መነጽሩ» ይሉታል። የበላውን ፍሬ ዘር ሩቅ እየጣለ ደኑን የሚዘራ ገበሬ ነው። እናቲቱ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ልጇን በምታጠባበት ወራት መዥገር ይበዛል፤ የዚህ መዥገር መርዝ ሽባ ያደርጋታል፤ ከዛፍ ትወድቃለች። በጎ ፈቃደኞች ከዛፎቹ ሥር እየተመላለሱ ሲፈልጉ፣ የሞተች እናትና ጡቷን ያልለቀቀ ልጅ ያገኛሉ። በጊዜ የተደረሰላት እናት በመድኃኒት ልትድን ትችላለች።

ልጁን ሲያገኙት ወተት ለመስጠት አይቸኩሉም። ብርድ የመታው ሆድ ወተት አይፈጭም፤ ስለዚህ አስቀድመው በጨርቅ ጠቅልለው ያሞቁታል። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሰዓቱ፣ እንቅልፍ አጥተውም ቢሆን፣ በትንሽ ጡጦ ያጠቡታል። ከእናቱ ደረት ሳይለይ የኖረ ነውና እንደ ሕፃን የጎማ ጡት ያጎርሱታል፤ እግሮቹም የሚጨብጡት ጨርቅ ይሰጣቸዋል። ሱብሓነላህ! የእኛን አራስ ቤት አያስታውስም?

በኖቬምበር 2018 እ.ኤ.አ. በኬርንስ ከተማ አካባቢ ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ አልፎ 23,000 ያህል ባለ መነጽሮች አለቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችም ያለ እናት ቀሩ። ዓመት ጠብቆ አንድ ለሚወልድ ፍጡር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ያነበበ ልጃችሁ ወድቃ ያገኛትን የሌሊት ወፍ በእጁ እንዳያነሳ ንገሩት። እነዚያ ተንከባካቢዎች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስዱ አይነኳትም፤ የሌሊት ወፍ ንክሻና ጭረት ሰውን የሚገድል ተመሳሳይ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና።

ልጁ ጥርስ አጠንክሮ ፍራፍሬ መብላት ሲጀምር ከእኩዮቹ ጋር ሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ ይገባል። ሰው ያቅፈው የነበረው ያን ጊዜ ይቀራል፤ ለአሳዳጊዋ ከሌሊቱ ጡጦ ይልቅ የሚከብዳት ይህ ይመስለኛል። በመጨረሻ በሩ ይከፈትለታል። ምግቡ ለጥቂት ጊዜ በቦታው ይቀመጥለታል፤ ከመንጋው ሲቀላቀል ግን ለመብላት መመለሱን ይተዋል።