ቁንጫ በተዘጋ ቤት

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጥሊሊ ለሥራ ተመድበው፣ ክረምቱን ተዘግቶ የከረመ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ቤት ተከራዩ እንበል። ሻንጣዎን ሳያሳርፉ ቁንጫው ይወርርዎታል። ሰው በሌለበት ቤት ምን በልቶ ኖረ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቁንጫ እንቁላል ከውሻና ከድመት ጠጉር ወደ ወለሉ ይረግፋል። የሚፈለፈለው ትል በአቧራና በስንጥቅ ውስጥ አድጎ፣ እንደ ሐር ያለ ድር ፈትሎ ይሸፈንበታል። በዚያም ውስጥ ቁንጫ ሆኖ ወራት ሊቆይ ይችላል። የእግር ኮቴና የገላ ሙቀት ሲሰማው ግን ወዲያው ይወጣል። የጠበቀው እርስዎን ነው!

ስለዚህ የነከሰዎትን ብቻ እያደኑ ሌሊቱን ማንጋት ከንቱ ድካም ነው፤ ቤቱን ዘግቶ መሰንበትም አይረዳም። ከአልጋው ሥር ሳይቀር ጠርገው ጥራጊውን ያቃጥሉ፤ ስንጥቁን በጭቃ ይምረጉ፤ አንሶላውን በፈላ ውሃ ይጠቡ። በየጥቂት ቀኑም ይድገሙት፤ በድሩ ውስጥ ያሉት ገና አልወጡምና።

ጎረቤት «ዲዲቲ ይርጩ» ቢልዎ እሺ አይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ስምምነት እንደ ወባ ያለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይፈቅደውም።

የቀረው የአከራይዎ ውሻ ነው። እርሱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ካልታከመ ልፋትዎን ውሃ በላው። ይህን ለእመቤቲቱ በትሕትና መንገር ግን፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከመጥረጉ ይከብዳል።