የሩቅ አድማጭ

የሰው ልጅ ኀዘኑን ብቻውን ተሸክሞ መኖር እንደማይሆንለት አበው አስቀድመው ስለተረዱ፣ መርዶ በማለዳ በዘመድ አንደበት እንዲነገር፣ ለቀስተኛው በእድር ድንኳን እንዲሰበሰብ፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት እየተቈጠረ ተዝካር እንዲወጣ ሥርዓት ሠርተው አለፉ። ይሁን እንጂ በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግል እኅታችን ወይም በዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድር ወንድማችን የእናቱ ሞት በስልክ ሲደርሰው፣ አብሮት ደረቱን የሚመታ ዘመድ አጠገቡ የለም፤ ሲነጋም ሥራው ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያደምጥ አንድ ሙያተኛ በዘመናችን ተገኝቷልና፣ ዛሬ ከአንባቢ ጋር ልናስተዋውቀው ወደድን።

ይህ ሙያተኛ በኦንላይን የሚሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ ሲሆን፣ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ቴራፒስት» እያሉ ይጠሩታል። ሥራው መድኀኒት ማዘዝ አይደለም፤ ተምሮና ፈቃድ ተቀብሎ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ፣ አንዳንዴም በጽሑፍ፣ የተጨነቀውን ሰው በሥርዓት ማነጋገር ነው።

ነገሩ ኢንተርኔት የወለደው ይመስላል እንጂ ሥሩ ከዚያ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲደውልለት በለንደን ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዋልብሩክ ደብር ስልክ አቆመ። ባለጉዳዩ ወደ ደብሩም እየመጣ በዝቶ ተራ መጠበቅ በጀመረ ጊዜ፣ ሻይ ይቀዱና ያጫውቱ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች የልቡን ካደመጡለት በኋላ ቄሱን ሳያገኝ ተጽናንቶ የሚመለሰው ብዙ መሆኑን ቫራ አስተዋለ፤ ስለዚህ በማግስቱ ዓመት የማድመጡን ሥራ ለእነርሱ ተወላቸው። ሳማሪታንስ የተባለው ማኅበር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1959 የኔብራስካ የአእምሮ ሕክምና ተቋም በሁለት ወገን በሚያሳይ ቴሌቪዥን ሕሙማንን ማነጋገር ጀምሮ ነበር። ዳሩ ግን ልማዱ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የሐኪሙንና የታማሚውን በር በዘጋ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አማካሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ «አሁን የት ነዎት? አደጋ ቢደርስ ለማን ልደውል?» ይላል፤ ከስክሪኑ ባሻገር ያለውን ሰው በእጁ ሊይዘው እንደማይችል ያውቃልና። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ እንደ ዓይነቱ ይታያል። የሥራ ውጥረት ያናወጠው ሰው ከሆነ፣ አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባስፋፋው መንገድ፣ የደረሰበትን ነገር፣ በዚያ ሰዓት የመጣበትን ሐሳብና የተከተለውን ስሜት ለየብቻ እየጻፈ፣ «አለቃዬ ዝም ያለኝ ሊያባርረኝ ነው» የሚለው ፍርዱ ማስረጃ እንዳለው ራሱ እንዲመረምር ያደርገዋል። ባልና ሚስት በአንድ ስክሪን ፊት የተቀመጡ እንደሆነ፣ አማካሪው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እንደ ሽማግሌ አይፈርድም፤ የሚነጋገሩበትን መንገድ ይመለከታል እንጂ። ጆን ጎትማን የተባለው ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ ለብዙ ዓመታት አጥንቶ፣ ትዳርን ከሚያፈርሱት ጠባዮች ሁሉ የከፋው ንቀት መሆኑን ጽፏል።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የኀዘን ጉዳይ ነው። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1999 እንደገለጹት፣ ኀዘንተኛ ጤናማ የሚሆነው ሁልጊዜ በማልቀስ ወይም ሁልጊዜ በመርሳት ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ወደ ሟቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው። የእኛ አርባና ሰማንያም ይህንኑ ምልልስ በቀን ቈጥሮ ያስቀመጠ ይመስለኛል፤ በመካከሉ ሰው ወደ እርሻውና ወደ ንግዱ ይመለሳል፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ያለቅሳል። በባዕድ አገር ቀኑን የሚቈጥርለት ሰው ላጣ ኀዘንተኛ፣ በየሳምንቱ ከአማካሪው ጋር የቀጠራት ሰዓት ያንን ያህል ባትሆንም የማልቀሻ ቦታ ትሆንለታለች።

አንዳንዶች አማካሪውን ከንስሐ አባት ጋር ያነጻጽሩታል። ምስጢር በመጠበቅ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም አማካሪው ኃጢአትን አይፈታም፣ ቀኖናም አይሰጥም፤ የሕይወት አደጋ ያየ እንደሆነም ሕግ ምስጢሩን እንዲገልጥ ሊያስገድደው ይችላል። ከዚህም በላይ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን፣ ማለት የሚያገናኛቸው ኩባንያ መሣሪያ፣ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ ታዋቂ የኦንላይን ምክር ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ሰጥቷል በማለት 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ቄሱ በለንደን ያቆመው ስልክ እንዲህ ያለ ጆሮ አልነበረውም።

እንግዲህ የሚያጽናናው ስክሪኑ ሳይሆን በሥርዓት የሚያደምጠው ሰው ከሆነ፣ መመርመር ያለበትም ያ ሰውና በመካከሉ የቆመው ኩባንያ ነው። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአጠገቡ ወዳለው ሐኪም ቤት ይሂድ። ሌላው ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ፈቃድህን የሰጠህ ማን ነው? ምስጢሬ በማን እጅ ይቀመጣል? ሌሊት ቢብስብኝ ለማን ልደውል? ለእነዚህ ያልተድበሰበሰ መልስ ያላገኘ እንደሆነ ሌላ አማካሪ ይፈልግ።