ከላይኛው ቤት የሚወርድ ውኃ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው?

የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከተስፋፉ ወዲህ የአንዱ ቤተሰብ ወለል ለሌላው ቤተሰብ ጣሪያ ሆኗል። በዚህ አኗኗር ጎረቤታሞችን ከሚያጋጩ ጉዳዮች አንዱ ከላይኛው ቤት ሰርጎ የታችኛውን ቤት ልስን፣ ቀለምና የቤት ዕቃ የሚያበላሽ ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው አካባቢዎች ደግሞ ውኃ በጠፋበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ፣ ነዋሪው ሥራ ላይ ሳለ ውኃው ሲመለስ ቤቱን ያጥለቀልቃል።

ተጠያቂውን ለመለየት በቅድሚያ መጣራት ያለበት የውኃው መነሻ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በቸልተኝነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቧንቧ ተከፍቶ በመተዉ፣ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። በመሆኑም ተከራዩ ለራሱ ጥፋት በቀጥታ ሊጠየቅ ይችላል።

መነሻው በቤቱ ውስጥ ያረጀ ወይም የተበላሸ ቧንቧ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ያለ ጥፋትም ቢሆን ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ “ቤቱን አከራይቻለሁ” ወይም “ብልሽቱን አላወቅሁም” ማለት ብቻውን ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም። ውኃው የመጣው በርካታ ቤቶችን ከሚያገለግል የጋራ መስመር ወይም ከሕንፃው ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በቅድሚያ መቅረብ ያለበት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መገልገያዎችን ለሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የግልና የጋራ ይዞታ ወሰን የሚለየውም በሕንፃው የምዝገባ ሰነዶች ነው።

ተጎጂው በበኩሉ ጉዳቱ እንዳይባባስ ዕቃውን ማንሳት፣ የላይኛውን ቤት ነዋሪና ማኅበሩን ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የውኃውን መነሻ የሚገልጽ የባለሙያ ጽሑፍ መያዝና የወጪ ደረሰኞችን ማስቀመጥም ተገቢ ነው። በአንቀጽ 2091 መሠረት የካሣው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ ማስረጃ የሌለው ወጪ ለክርክር ይጋለጣል።

አብዛኞቹ አለመግባባቶች በጎረቤታሞች ውይይትና በሽምግልና ቢፈቱ ይመረጣል። ሆኖም በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አቤቱታ የሚቀርብላቸው የሥራ ኃላፊዎችም ባለጉዳዩን ከባለቤቱ ወደ ተከራዩ፣ ከተከራዩ ወደ ማኅበሩ ከማመላለሳቸው በፊት የውኃው መነሻ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ቢያደርጉ፣ ጊዜው ሳያልፍ ተጎጂው ትክክለኛውን ተጠያቂ ለይቶ መብቱን ለማስከበር ይችላል።