ስምንት ወር ካልጣለው ድኗል ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ ልጄ ስምንት ወር ሙሉ አልጣለውም። ክኒኑን ላስቁመው?» አለችኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን እኔም የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ብሎካችን ሁሉ ያውቃል።

የሠራሁትን ስህተት ነገርኳት። ካኩማ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰባት ወር ያህል ደህና ስሆን ድኛለሁ ብዬ ክኒኑን አቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር በየማታው ስውጠው «በሽተኛ ነሽ» የሚለኝ ይመስለኝ ስለነበር ጠልቼው ነበር። በአስራ አንደኛው ቀን ሻይ እያፈላሁ ወደቅኩ፤ እጄ ከሰሉ ላይ አረፈ። ጠባሳው ጠመኔ ስይዝ ዛሬም ይታያል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። አንጎላችን የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው፤ መልእክቱ በድንገት ሲናወጥ ሰውየው ራሱን ስቶ ይንቀጠቀጣል። መነሻው ሲወለድ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት ምት፣ አንጎል የነካ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም።

ብዙዎቻችን የምንወስደው ፌኖባርቢታል በሽታውን ነቅሎ አያወጣም፤ ደማችን ውስጥ እስካለ ድረስ መናወጡን ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ስምንት ወር ካልጣለው ክኒኑ እየሠራ ነው ማለት ነው። በድንገት ሲቆም ከበፊቱ የባሰ፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሞች ስለማቆም የሚያስቡት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥል ሲቆይ ነው፤ ያኔም ቀስ በቀስ እየቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በትክክል ከታከሙ ከ100 ሰው እስከ 70ው ሳይጥለው መኖር ይችላል። (ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ክኒኑን በጸበሉ መዋጥ ይቻላል።)

እኔ ከ70ዎቹ ውስጥ አይደለሁም መሰለኝ፤ ክኒኑን እየወሰድኩም በዓመት አንድ ሁለቴ ይጥለኛል። ይህንን የተቀበልኩት ከቃጠሎው በኋላ ነው። መጀመሪያ ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ አሁን የማበስለው እሷ ባለችበት ነው። እንቅልፍ ማጣት ስለሚጥለኝ ለራሽን ሰልፍ ሌሊት አልነሳም፣ እሷ ተራ ትይዝልኛለች። ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ክሊኒክ እሄዳለሁ። ወደ ሌላ ካምፕ የምትዛወሩ ደግሞ ክኒኑንና የክሊኒክ ካርዱን በእጃችሁ ያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋል።

ተማሪዎቼንም አስተምሬያለሁ። ስወድቅ ድንጋይና እሳት ያርቃሉ፣ ሹራብ ከጭንቅላቴ ሥር ያደርጋሉ፣ በጎኔ ያስተኙኛል፣ አንዱ ደቂቃ ይቆጥራል። አጥብቀው አይዙኝም፣ አፌ ውስጥ ማንኪያ አይከቱም፣ በደንብ ሳልነቃ ውሃ አይሰጡኝም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም፤ ይህንን ለልጆቹ ማስረዳት ቀላል ነበር፣ የከበደኝ አዋቂዎቹን ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳልነቃ ከደገመኝ ቀጥታ ወደ ክሊኒክ። ባለፈው ጊዜ ክፍል ውስጥ ወድቄ ስነቃ አንዷ ተማሪ «ሁለት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ነው ቲቸር» አለችኝ፣ ደብተሯ ላይ ጽፋው።

እናትየው ይህን ሰምታ «ለክፍሉ ልጆች እንንገራቸው እንዴ?» አለች። ልጁን እንጠይቀው አልኳት። ጠባሳዬን እያየ ትንሽ አሰበና «ለአንዱ ብቻ» አለ።