በድርቅና በሠፈራ አካባቢዎች አዳዲስ የሕክምና መመሪያዎችን ለጤና ኬላ ሠራተኞች ማድረስና ከእነርሱም ጋር መመካከር

ድርቅ በአንድ አካባቢ መግባቱ በመጀመሪያ የሚታወቀው በማሳውና በውኃ ጉድጓዱ ነው። ቀጥሎ የሚታወቀው በጤና ኬላው በር ላይ ነው። የዕርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች ከመድረሳቸው በፊት ልጇን ያዘለች እናት ጤና ኬላው ትደርሳለች። በዚያን ሰዓት የሕፃኑን ዕድል የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የያዘችው የክንድ መለኪያ፣ የምትከተለው መመሪያና በመደርደሪያዋ ላይ የሚገኘው መድኃኒት ናቸው። በመሆኑም የታደሰ መመሪያ ከነምክንያቱ ለሠራተኛዋ መድረሱ፣ የእርሷም ጥያቄ ለበላይ አካል መድረሱ፣ ከእህል አቅርቦት ተለይቶ የማይታይ የዕርዳታ ሥራ ነው።

በድርቅ ዘመን ሕይወት የሚጠፋው በረኀብ ብቻ እንዳልሆነ ካለፈው የታየ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲና በሌሎችም ሥፍራዎች ሕዝቡ በመጠለያ በተሰበሰበ ጊዜ፣ በምግብ እጦት የተዳከመውን ሰው ለሞት ያበቁት በአብዛኛው ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ የሳንባ ምችና እነዚህን የመሳሰሉ ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። እነዚህም በሽታዎች ገና በመንደር ሳሉ በቀላል ዘዴ ሊታከሙ ወይም ሊገቱ የሚችሉ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ዋና ተግባርም ይኸው ነው።

አገልግሎቱ የቆመበት መሠረት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በአልማ-አታ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት የጤና ሥራ ሁሉ መነሻ እንዲሆን መወሰኑ ይታወሳል። በኢትዮጵያም በዚሁ መንፈስ የተለያዩ ጥረቶች ከተደረጉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሯል። በፕሮግራሙ መሠረት በገጠር በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ እንዲቋቋም፣ በውስጡም ሁለት የሠለጠኑ ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዷል። አንድ ጤና ኬላ በአማካይ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ በገጠር 25,000 ለሚሆን ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጡ ታስቦ የተዋቀሩ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይደራጃሉ።

ይህ አደረጃጀት ለምክክር እጅግ አመቺ ነው። የአምስት ጤና ኬላዎች ሠራተኞች አሥር ናቸው። አሥር ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንድ የጤና መኮንን ወይም ነርስ እየመራቸው፣ የያዙትን መዝገብ ገልጠው ሊነጋገሩ ይችላሉ። መመሪያው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማኅተም ተረጋግጦ መላኩ ለአሠራር አስፈላጊ ቢሆንም፣ ወደ እጅ ሥራ የሚለወጠው ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

መመሪያ ስለ ምን ይለወጣል

አንዳንድ ሠራተኞች ተደጋጋሚ የመመሪያ ለውጥ ሲደርሳቸው፣ ቀደም ሲል የሠሩት ሁሉ ስሕተት ነበር የሚል ስሜት ያድርባቸዋል። ለውጡ ስለ ምን እንደ ተደረገ በግልጽ ቢነገራቸው ግን ይህ ስሜት ይወገዳል። ሦስት ምሳሌዎችን መመልከት ይበቃል።

የመጀመሪያው የተቅማጥ ሕክምና ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. በመባል የሚታወቀው ዱቄት ለብዙ ዓመታት በአንድ ዓይነት ቅመማ ሲሠራበት ቆይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ የጨውና የስኳር መጠኑ የተቀነሰ አዲስ ቅመማ እንዲተካው መክረዋል። አዲሱ ቅመማ ማስታወክንና የተቅማጡን ብዛት የሚቀንስ ከመሆኑም ሌላ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠትን አስፈላጊነት አሳንሷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሁለቱ ድርጅቶች ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ የዚንክ እንክብል እንዲሰጥ አክለዋል። መጠኑም ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። ይህ ምክንያቱ ካልተገለጸ እናቲቱ እንክብሉን ታቋርጣለች።

ሁለተኛው የወባ ሕክምና ነው። ፋልሲፓረም በሚባለው ተሕዋስ ለሚመጣው ወባ ክሎሮኪን ኃይሉ በመዳከሙ፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተክቶ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ተሕዋሱ ፋንሲዳርንም በመላመዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አርቲሜተር-ሉመፋንትሪን፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት፣ በምትኩ ሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም ቫይቫክስ በሚባለው ተሕዋስ ለሚመጣው ወባ ክሎሮኪን አገልግሎቱን አላቋረጠም። ለውጡን በግማሽ የሰማ ሠራተኛ ክሎሮኪን ለሁሉም ቀርቷል ብሎ ሊያስብ ስለሚችል፣ የትኛው እንደ ተለወጠ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንዳልተለወጠ መንገርም የምክክሩ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው የክንድ ዙሪያ ልኬት ነው። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የከፋ የምግብ እጥረት እንዳለበት የሚለይበት ወሰን ቀድሞ ከ11 ሴንቲ ሜትር በታች ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አዲሱን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ መሠረት አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ወሰኑ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን አስታውቀዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ መመሪያ ይህንኑ ወሰን ተቀብላለች።

ግማሽ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ነው?

የግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት በጽሕፈት ቤት ሲታይ አነስተኛ ይመስላል። በጤና ኬላ ሲታይ ግን አይደለም። ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ቀበሌዎችን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በአንደኛው ቀይ ቀለሙ እስከ 11 የሚደርስ አሮጌ መለኪያ፣ በሁለተኛው ቀይ ቀለሙ እስከ 11.5 የሚደርስ አዲስ መለኪያ አለ እንበል። የክንዱ ዙሪያ 11.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን በሁለተኛው ቀበሌ ተመዝግቦ ፕላምፒነት የተባለውን አልሚ ምግብ በየሳምንቱ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀበሌ የተወለደ ሌላ ሕፃን ግን ልኬቱ ያው 11.3 ሆኖ ሳለ፣ መካከለኛ እጥረት አለበት ተብሎ ለተጨማሪ ምግብ ተራ እንዲጠብቅ ይደረጋል። በድርቅ ወራት በዚያ ተራ ላይ ሳለ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ቢይዘው የመቋቋም ኃይሉ አነስተኛ ነው። ሁለቱም ሠራተኞች የተሰጣቸውን መመሪያ በትክክል ፈጽመዋል። ስሕተቱ አዲሱ መለኪያና አዲሱ መመሪያ በአንድነት አለመድረሳቸው ነው።

ከዚህም ሌላ የመቀበያው ወሰን ሲለወጥ የማሰናበቻው ወሰንም አብሮ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ በክንድ ልኬት የተመዘገበ ሕፃን የሚሰናበተው ልኬቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስና ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እብጠት ሳይታይበት ሲቀር ነው። ወሰኑ ከፍ ሲል የሚመዘገቡት ሕፃናት ቁጥር እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ስለዚህ የአልሚ ምግቡ አቅርቦት አስቀድሞ ካልተጨመረ፣ አዲሱ መመሪያ ለሠራተኛዋ ባዶ መጋዘን ይዛ ከእናቶች ጋር መጋፈጥ ይሆንባታል።

ምክክሩ ምን ምን ይይዛል

መልካም የሆነ የምክክር ስብሰባ ረዥም ንግግር አያስፈልገውም። በቅድሚያ የተለወጠው ነገር በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ከነምክንያቱ ይነገራል። ቀጥሎም በተግባር ይታያል፤ ይኸውም የግራ ክንድ መካከል እንዴት እንደሚለይ፣ መለኪያው ሳይጠብቅና ሳይላላ እንዴት እንደሚያዝ፣ እብጠት መኖሩን ለማወቅ ሁለቱም እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሴኮንድ ያህል እንዴት እንደሚጫኑ፣ የምግብ ፍላጎት እንዴት እንደሚፈተን እያንዳንዷ ሠራተኛ በእጅዋ ሠርታ ታሳያለች። የምግብ ፍላጎት የሌለው ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ሕፃን ወደ ማገገሚያ ክፍል ካለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲላክ መመሪያው ያዛል። ስለሆነም መጓጓዣ ከየት እንደሚገኝ በዚያው ስብሰባ መወሰን ይኖርበታል። አሮጌዎቹ መለኪያዎችና የተሻሩ ሰንጠረዦችም በዚያኑ ዕለት ተሰብስበው ይመለሳሉ። ካልተመለሱ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን መሥራታቸው አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት የሠራተኞቹ ነው። ከታች የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች በጠረጴዛቸው ላይ ሆነው የማያገኟቸው ናቸው። ለምሳሌ ኮአርተም ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ እንደሚሠራ ተጽፏል። በድርቅ በተጎዳ ቤት ግን ምግብ ከየት ይመጣል? መልሱ ሕክምናው በምግብ እጦት ምክንያት እንዳይዘገይ፣ የተገኘው ጥቂት ምግብ ወይም ወተት አብሮ እንዲሰጥ፣ የሚጠባ ሕፃንም ከጠባ በኋላ እንዲወስድ ነው።

ሌላው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ክብደት አለው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረ ሕፃን በየሳምንቱ አልሚ ምግቡን እየወሰደ ክብደቱ አልጨምር ሲል ይታያል። ከላይ ሆኖ ሪፖርቱን የሚያነብ ባለሥልጣን ሠራተኛዋ ሥራዋን አልፈጸመችም ወይም እናቲቱ ምግቡን ሸጣለች ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ሠራተኛዋ ስትጠየቅ ግን የምትሰጠው መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡ የዕርዳታ እህል ስላልደረሰ፣ ለአንዱ ሕፃን የተሰጠው እሽግ ለእኅቶቹና ለወንድሞቹ ተከፋፍሏል። እናት የተራቡ ልጆቿን ፊት አዙራ አንዱን ብቻ አታበላም። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ በየሰዉ በወር 15 ኪሎ ግራም የተመደበው እህል በወቅቱ መድረሱ ነው። የሕፃኑ የክብደት ሰንጠረዥ ለጤና ሠራተኛው የሕክምና ማስረጃ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለዕርዳታ አስተባባሪው የእህል ሥርጭት ማስረጃ ነው። ይህን ሊያስተያይ የሚችለው ሁለቱ ወገኖች በአንድነት የሚገኙበት ምክክር ብቻ ነው።

በሠፈራ አካባቢዎች

ሠፈራ ባለበት ሥፍራ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወስደው መሥፈራቸው ይታወቃል። ሠፈራው በብዙ ሥፍራ በግዴታ የተፈጸመና በጥድፊያ የተካሄደ በመሆኑ የደረሰው ጉዳት ከፍተኛ ነበር። ከደጋ ወርዶ ቆላ የገባ ሰው ወባን የመቋቋም ተፈጥሯዊ ኃይል ስለሌለው፣ በሽታው ሕፃኑንም ጎልማሳውንም እኩል ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራምም ጊዜ፣ በአገሪቱ ከባድ የወባ ወረርሽኝ የተከሠተው በዚያው ዓመት ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰዎች ከድርቅ አካባቢ ሲነሡ፣ በፈቃዳቸውም ሆነ በተፈናቃይነት፣ በተቀባዩ አካባቢ ያሉት የጤና ኬላ ሠራተኞች እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ሊመከሩ ይገባል። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ሕፃናቱ የኩፍኝ ክትባት መውሰድ አለመውሰዳቸው፣ በአልሚ ምግብ ሕክምና ላይ ያሉት መዝገባቸውን ይዘው መምጣት አለመምጣታቸው አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባ ጉዳይ ነው። መዝገቡን ሳይዝ የመጣ ሕፃን ሕክምናውን አቋርጧል ተብሎ ይቆጠራል፤ በአዲሱ ሥፍራ ደግሞ ማንም አያውቀውም።

ከኃላፊዎችና ከዕርዳታ ሠራተኞች የሚጠበቀው

ኃላፊዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። እያንዳንዱ የመመሪያ ለውጥ ቀኑና የሚሽረው የቀድሞ መመሪያ በግልጽ ተጽፎበት ይላክ። መመሪያው፣ መለኪያውና መድኃኒቱ በአንድ ጉዞ ይድረሱ። የምክክሩ ዕለት አልሚ ምግብ በሚታደልበት ቀን ላይ አይዋል፤ የዚያን ዕለት በሩ ተዘግቶ የምታገኝ እናት የግማሽ ቀን መንገድ በከንቱ ተጉዛለችና። በአካባቢው የሚንቀሳቀሱ የዕርዳታ ድርጅቶችና ተንቀሳቃሽ የሕክምና ቡድኖችም የሚሠሩበት ወሰንና የሚጠቀሙበት መዝገብ ከጤና ኬላው ጋር አንድ ይሁን። ሠራተኞች ላነሱት ጥያቄ በቀጣዩ ስብሰባ መልስ ይሰጥ፤ መልስ ያልተገኘለትም ከሆነ ለማን እንደ ተላከ ይነገራቸው። ደጋግማ ጠይቃ መልስ ያላገኘች ሠራተኛ በመጨረሻ ዝም ትላለች። በድርቅ ዘመን የጤና ኬላ ዝምታ ደግሞ ሁሉም ደኅና ነው ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

የሕክምና ዕውቀት ወደፊትም መለወጡ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሕፃናት የምግብ እጥረት አዲስ መመሪያ ማውጣቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ድርቅም እንደዚሁ ይመላለሳል። በሁለቱ መካከል የቆመችው የጤና ኬላ ሠራተኛ የምትሠራበትን ምክንያት እያወቀች እንድትሠራ፣ ያየችውንም እንድትናገር ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሳይሠራ ሲቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው በቀበሌው የመጨረሻ ቤት ያለው ሕፃን ነው።