ድካምና ሙቀት በእርሻ ሠራተኛ ላይ ስለሚያመጡት ጉዳት

ሠራተኛ ማጭድ ሲቈርጠው ወይም ፀሐይ መትታው ሲወድቅ፥ አንዳንዱ ዕድሉ ነው ይላል፤ ሌላውም ስለ ቸልተኛነቱ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ነገሩ ግን በሚገባ ቢመረመር፥ ከአደጋው አስቀድሞ ሰውነቱ መድከሙና አሳቡ መባከኑ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እጅን የሚመራው ልቡና ነውና፥ ልቡና ሲዝል እጅ ይስታል።

ይህም በምርመራ የታወቀ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ መንግሥት የጦር መሣሪያ ሠራተኞችን ጤና የሚመረምር ጉባኤ አቆመ። ቬርነን የተባለው ሊቅም፥ በቀን 12 ሰዓት ይሠሩ ለነበሩ ሴቶች ሥራው ወደ 10 ሰዓት በተቀነሰ ጊዜ፥ የሚደርስባቸው አደጋ እጅግ እንዳነሰ አስረዳ። ሰዓት ካጠረ የሥራው ፍሬ ሁልጊዜ ይጐድላል የሚለው አሳብም ስሕተት መሆኑ ተገለጠ።

በአገራችን ይህ ነገር በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባው በሑመራና በመተማ ቆላ በሚደረገው የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደርሶ ሳይታጨድ ከሰነበተ ፍሬው ይረግፋልና ባለእርሻው ይቸኩላል። ከደጋ የወረደው ሠራተኛም ዋጋው በታጨደው መሬት ልክ ሲሆን፥ ለዕረፍት የሚያጠፋውን ጊዜ ይሳሳለታል፤ ደከመኝ ማለትንም በጓደኞቹ ፊት እንደ ነውር ይቈጥረዋል።

ሰውነት ግን የራሱ ሕግ አለው። በብርቱ ሙቀት የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት 1 ሊትር ያህል ላብ ሊያፈስ ይችላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ከሰውነቱ ወጥቶ ሳይተካ ቢቀር፥ የልቡ ትርታ ይፈጥናል፥ ማስተዋሉም ይቀንሳል። ቆላውን እስኪለምድም ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል፤ ሙቀት ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ አዲስ የመጣ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑም አንድ አምስተኛ ይጨመርለት።

2ኛ፤ ንጹሕ ውሃ ከሥራው አጠገብ ይቅረብ፤ ሠራተኛውም ጥም ሳይጠብቅ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ይጠጣ።

3ኛ፤ አጨዳው በማለዳና በሠርክ ይሁን፤ ቀትር ላይ በዳስ ጥላ ይረፍ።

4ኛ፤ ንግግሩ የተዛባበት ወይም እግሩ የተንገዳገደበት ሰው ሰነፍ ወይም ሰካራም አይባል። ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰድ፥ ገላው በውሃ ይራስ፥ ይራገብለትም፤ ብቻውንም ሳይተው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅንም በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጓል። ስለዚህ ሹም እርሻን ሊጐበኝ በወረደ ጊዜ ስንት ሄክታር እንደ ታጨደ ብቻ አይጠይቅ፤ የውሃው በርሜል ሙሉ መሆኑንና የማረፊያው ዳስ መቆሙንም በዓይኑ ይይ። የታጨደው ሰሊጥ በኩንታል ይቈጠራል፤ ያጨደው ሰው ግን በደኅና ወደ ቤቱ ካልተመለሰ፥ ትርፉ ትርፍ ሊባል አይችልም።